ለመነጽር ሄጄ ሆስፒታል አደርኩ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በሐዋሳ የምኖር ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ሰሞኑን የማንበቢያ መነጽሬን ለማስቀየር ቀጠሮ ነበረኝ። መርማሪዋ የዓይኔን የውስጥ ክፍል በመብራት አየች፣ ደግማ አየች፣ ከዚያ ስለ መነጽሩ ማውራት ተወች። «አባባ፣ የደም ግፊት ተለክተው ያውቃሉ?» ስትለኝ ሳቅሁ። ራሴን እንኳ አሞኝ አያውቅምና! ተለካሁ፤ 210 በ 120። ሐኪም ሰውነት ሳይቀድ የደም ሥርን በዓይኑ የሚያየው እዚያ፣ ከዓይን ጀርባ ነው፤ የእኔዎቹ ደም አንጠባጥበው ኖሯል።

«አስቸኳይ» የሚል ወረቀት ይዤ በባጃጅ ሆስፒታል ደረስኩ። የበሩ ጥበቃ ግን ከላይ እስከ ታች አይቶኝ «በእግርዎ ቆመው አይደል የመጡት? ካርድ ያውጡ» አለኝ። ወረቀቱን የሚያነብልኝ ያገኘሁት ረጅም ሰልፍ ጨርሼ ነው። ከዚያ በኋላ ያከሙኝን ሐኪሞችና ነርሶች ግን ከልብ አመሰግናለሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ እየተመላለሱ ለኩኝ። ኩላሊቴንም መረመሩ፤ ደግነቱ ደህና ነው።

ግፊት 140 በ 90 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ሲደጋገም በሽታ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ምልክት አያሳይም። ስለዚህ ቆሞ የመጣ ሁሉ ጤነኛ አይደለም። የሚመለከታቸው የጤና ኃላፊዎች ሁለት ነገር እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ፤ አስቸኳይ ወረቀት የያዘ ሰው ከካርድ በፊት ነርስ ትየው፤ የዓይንና የጥርስ ክሊኒኮችም የአዋቂን ሰው ግፊት ሳይለኩ አይሸኙ። መለካቱ ከሁለት ሦስት ደቂቃ አያልፍም።

ጡረተኛው መምህር፣ ከሐዋሳ