ያነሳችሁት የሐምሌን ገጽ ነው

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

«የጅማ ሱቆች ዛሬም በዱቤ ደብተር» የሚለውን ዘገባችሁን ሦስቴ አነበብኩት። ፎቶው ላይ ያለው ደብተር የእኔ ነው። ጥጉ ዘይት የነካው፣ በላስቲክ የታሰረው።

ዘጋቢያችሁ ቆጪ ያለው ሱቄ መጥቶ ለስላሳ ጠጣ። ሂሳቡን በሩ ላይ በለጠፍኩት ኮድ፣ በቴሌብር ከፈለ። ከዚያ ሄዶ «ዲጂታል ክፍያ ያልደረሳቸው ነጋዴዎች» ብሎ ጻፈን። ምናልባት ጣቱ ሲከፍል እሱ አላየም ይሆናል።

ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 2013 ነው። እኔ ዘግይቼ ነው የገባሁበት፣ አልዋሽም። ልጄ ናት የጨቀጨቀችኝ። ደብተሩ ግን ሌላ ነገር ነው። መክፈያ ሳይሆን ማበደሪያ ነው። ብዙ ደንበኞቼ እጃቸው ላይ ብር የሚገባው ቡና ሲደርስ ነው። ክረምት ላይ ኪስ ባዶ ነው፤ ልጅ ግን ክረምትም ይበላል። ስኳሩን፣ ዘይቱን፣ ሳሙናውን በዱቤ ይወስዳሉ፣ ቡናው ሲሸጥ ይዘጋሉ። እናንተ ያነሳችሁት የሐምሌን ገጽ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ዕዳ። ኅዳር ላይ ብትመጡ ያው ገጽ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ ታገኙት ነበር።

አዎ፣ ስልኩም ያበድራል፤ እንደኪሴ የሚሉት የቴሌብር ብድር አለ። ግን ቡናውን በጥሬ ብር የሚሸጥ ገበሬ በስልኩ የሚያዘዋውረው ስንት ነው? ስልኩ አይቶ የሚያበድረው ያንን ነው፤ እኔ ግን ማሳውንም አማቱንም አውቃለሁ።

ወደኋላ የያዘኝን ልንገራችሁ። እኔ አራት ወር አበድራለሁ። አከፋፋዩ ግን ብሩ ሳይገባ አንዲት ካርቶን ከአይሱዙው አያወርድም። ሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የተመለሰልኝ የዘይት ዕዳ መተኪያውን አይገዛም። ባንክ ሄጄ ደብተሩን አሳየሁ። ሰውየው ፈገግ አለና «ማስያዣ?» አለኝ። ሱቁ የኪራይ ነው። ይሄ በዘገባችሁ የለም። የውጭ ባለሀብት በችርቻሮ እንዲገባ መፈቀዱ ግን ሁለት አንቀጽ አግኝቷል፤ እሰይ! ሱፐርማርኬቱ ሲመጣ ለአራስ እናት እስከ ኅዳር ስኳር ይሰጣል?

አንድ ነገር ልጨምር። ዘጋቢያችሁ ሲወጣ የታሸገ ውሃ ወስዷል። ኔትወርክ ሄዶ ስለነበር «ስመለስ እከፍላለሁ» አለኝ። ስሙን አልጠየቅኩም፤ ደብተሩ ላይ «ጋዜጠኛው» ብዬ ጽፌዋለሁ።

ባለሱቋ፣ ከቆጪ፣ ጅማ