ምስጋና ልጅን ያበላሻል ላሉኝ አባቴ

ይድረስ ለተከበሩ ውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔና ልጆቹ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዐይንዎ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እየጠራልዎ መሆኑን እማዬ ስትነግረኝ በጣም ደስ አለኝ፤ ይህንንም ደብዳቤ ራስዎ እንዲያነቡት ፊደሉን ጎላ አድርጌ ጽፌዋለሁ።

ባለፈው በስልክ ስንጫወት ስለ ተማሪዎቼ ያነሡት ነገር ከሐሳቤ አልወጣም። «ተማሪን ባመሰገንሽው ቁጥር ፊት እየሰጠሽው ነው፤ ነገ ወቀሳ የማይችል ሰው ይሆንብሻል» አሉኝ። ዕድሜዎን በጠመኔና በሰሌዳ መካከል ያሳለፉ መምህር በመሆንዎ ነገሩን በችኮላ ልመልስልዎ አልወደድኩም።

በስጋትዎ ውስጥ እውነት አለ። በአሜሪካ ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የተሰጣቸውን ጥያቄ በሚገባ ከሠሩ የ5ኛ ክፍል ልጆች መካከል ከፊሎቹን «ብሩህ አእምሮ ቢኖራችሁ ነው»፣ ከፊሎቹን ደግሞ «ጠንክራችሁ ብትሠሩ ነው» እያሉ አመሰገኗቸው። በአእምሯቸው የተመሰገኑት ከዚያ በኋላ ምርጫ ሲሰጣቸው ወደ ቀላሉ ሥራ አዘነበሉ፤ ከባድ ጥያቄ ሲገጥማቸው ቶሎ ተስፋ ቆረጡ፤ ውጤታቸውን ለማያውቁት ልጅ ጽፈው እንዲያሳውቁ ሲጠየቁም ነጥባቸውን ጨምረው የጻፉት በብዛት እነርሱ ነበሩ። በጥረታቸው የተመሰገኑት ግን አብዛኞቹ አዲስ ነገር የሚማሩበትን ከበድ ያለ ሥራ መረጡ። እንግዲህ እርስዎ የሚፈሩት ተማሪ በእርግጥ አለ። ያንን ተማሪ የሚፈጥረው ግን ስለ ሠራው ሥራ አንዳች ሳይነግረው «አንተማ ጎበዝ ነህ» እያለ የሚያልፈው ምስጋና ነው።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ከዚህ በጣም የቆየ ሌላ ጥናት ነው። በ1925 እ.ኤ.አ. ኤልዛቤት ሀርሎክ የተባለች ተመራማሪ የ4ኛና የ6ኛ ክፍል ልጆችን ለተከታታይ ቀናት የመደመር ጥያቄ አሠራች። አንዱ ቡድን በየቀኑ በክፍሉ ፊት ይመሰገን ነበር፤ ሁለተኛው ይወቀስ ነበር፤ ሦስተኛው ደግሞ እዚያው ተቀምጦ የሌሎቹን ምስጋናና ወቀሳ ይሰማል እንጂ ስለ እርሱ የሚናገር አልነበረም። የተመሰገኑት እየተሻሻሉ ሄዱ። የተወቀሱት መጀመሪያ ላይ ተሻሽለው ኋላ ወረዱ። ምንም ያልተባሉት ልጆች ለውጥ ግን ከተወቀሱትም ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

አባቴ፣ በእኔ ክፍል አብዛኛው ተማሪ የሚገኘው በዚያ በሦስተኛው ቡድን ውስጥ ነው። ከ60 በላይ የሆኑ ልጆች በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው ተቀምጠው ጥያቄ በጠየቅኩ ቁጥር፣ ጣታቸውን እያጮሁ «ቲቸር እኔ! ቲቸር እኔ!» የሚሉት የፊት ረድፍ ልጆች ሁልጊዜ ያው ናቸው። መልሱ ሲገኝ «አጨብጭቡለት» ይባላል፤ ክፍሉም ያጨበጭባል፤ ዓመቱን ሙሉ የሚጨበጨበው ለእነዚያው ልጆች ነው። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ የትምህርት ቤት ድርሻው ለሌላው ማጨብጨብ እንደሆነ አድርጎ ይቀበለዋል፤ አንዴ ከተቀበለው በኋላ ደግሞ መልሱን ቢያውቅም እጁን አያወጣም። እኔን የሚያስፈራኝ ምስጋና የበዛበት ልጅ ሳይሆን ይህ ልጅ ነው።

ለእንደዚህ ያሉት ልጆች የምደርሰው በደብተራቸው በኩል ነው። ከመጨረሻው ዴስክ የማትነሣ፣ ስሟ ሲጠራ «አቤት» ስትል እንኳ ድምፅዋ የማይሰማ አንዲት ልጅ አለችኝ። አንድ ሁለተኛንና አንድ ሦስተኛን ደምሩ ባልኩበት የክፍል ሥራ መልሷ ሁለት ስድስተኛ ነበር። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ተደርጎበት ሊታለፍ የሚችል መልስ ነው። አሠራሯን ለተመለከተ ግን፣ ብዙዎቹ ልጆች ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ጋር ደምረው ሁለት አምስተኛ ሲሉ፣ እርሷ ትንሹን የጋራ ብዜት ፈልጋ 6ን አግኝታለች፤ የቀራት ላዕሎቹን አብሮ መለወጥ ብቻ ነበር። ስለዚህ ከኤክሱ አጠገብ «ታህቶቹን ማመሳሰል እንዳለብሽ ማወቅሽ ትክክል ነው፤ ከባዱን አልፈሻል። ላዕሎቹን ደግሞ እንደገና ተመልከቻቸው» ብዬ ጻፍኩላት። በማግስቱ ማንም ሳያዛት ጥያቄውን እንደገና ሠርታ፣ አምስት ስድስተኛ የሚለውን መልስ ከፍታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። አሁንም እጇን የምታወጣው አልፎ አልፎ ነው፤ ቢሆንም ታወጣለች፤ ስትሳሳትም ደብተሯን በክንዷ አትሸፍንም። ልብ ይበሉልኝ፣ ስህተቷን አልደበቅኩላትም፤ ኤክሱ ዛሬም እዚያው አለ።

ስለ አርጩሜ እርስዎም እኔም አንከራከርም። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. በአንቀጽ 36 ልጆችን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ አድርጓቸዋል፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም በማውቃቸው ክፍሎች ዱላው ሲቀር በቦታው የተተካ ነገር አለ ለማለት እቸገራለሁ። በወላጆች ቀን ሽልማት የሚቀበሉት ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡት ናቸው፤ 48ኛ የወጣው ልጅ ካርዱን አጥፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ደረጃው ከእርሱ በፊት 47 ልጆች እንዳሉ ይነግረዋል፤ ከመስከረም ወዲህ ምን እንደተማረ ግን አይነግረውም።

ደግሞስ እኔ ይህን ከእርስዎ አይደለም ወይ የተማርኩት? በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ስላስተማሯቸው ገበሬዎች በልጅነቴ ያጫውቱኝ ነበር። ዕርፍ የለመደ እጃቸው እርሳስ አልይዝ ብሏቸው፣ ልጆች እንዳይስቁባቸው እየፈሩ ከበሩ አጠገብ ስለሚቀመጡት ሽማግሌ የነገሩኝን አልረሳሁትም። ሰውየው ስማቸውን ጽፈው የጨረሱ ዕለት እርስዎ ወረቀቱን አንሥተው አይተው «ከእንግዲህ በአውራ ጣትዎ አይፈርሙም» አሏቸው። ያኔ ጎበዝ አላሏቸውም፤ ጭብጨባም አላዘዙም። የሠሩትን ሥራና የሚያስገኝላቸውን ጥቅም በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገሯቸው፤ ሽማግሌውም ከዚያ ቀን በኋላ ከፊት መቀመጥ ጀመሩ። ያ ፊት መስጠት ነበር ብዬ እንዳምን አያስገድዱኝም።

ምንም ያልሠራ ተማሪስ ቢሉኝ፣ ያልሠራውን ሠርተሃል አልለውም፤ ውሸት መሆኑን ከሁሉ በፊት የሚያውቀው እርሱ ነው። ግን ስሙን ጠርቼ አጠገቤ አስቀምጬ የመጀመሪያውን ጥያቄ አብረን እንጀምራለን፤ የጻፈው አንድ መስመር ትክክል ከሆነ ያንን አንድ መስመር ትክክል ነው እለዋለሁ።

ለዚህ ሴሚስተር ያሰብኩት ካርድ ላይ «የክፍል ኃላፊ አስተያየት» በሚለው ቦታ፣ ለሁሉም «ጥሩ ነው፤ ይበርታ» ከመጻፍ ይልቅ ለእያንዳንዱ ልጅ በእርግጥ ያሻሻለውን አንድ ነገር መጻፍ ነው። ቦታው ጠባብ ነው፤ እርስዎ ደግሞ በአጭሩ መጻፍ ያውቁበታል። ለዕረፍት ስመጣ ረቂቁን ይዤልዎ እመጣለሁና፣ የተጋነነ የመሰለዎትን ሁሉ ያለ ርኅራኄ ይሰርዙልኝ።

እማዬን ይሳሙልኝ። ጉልበትዎን እስማለሁ።

አክባሪ ልጅዎ