ለእሁዱ የመናገሻ ሱባ የእግር ጉዞ

ውድ የጉዞ ቡድናችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

«በዚህ ዝናብ ጉዞው ይቀራል እንዴ?» ብላችሁ የጠየቃችሁ ብዙ ናችሁ። አይቀርም። የፊታችን እሁድ ከንጋቱ 12 ሰዓት እንነሳለን። ቶሎ የምንነሳው የክረምት ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ነው።

እኔ እንኳ ይህን ደን ከበጋው ይልቅ በክረምት እወደዋለሁ። ጉሙ ወርዶ ግንዶቹን ሲሸፍን፣ ከጽድ ዛፉ ቅርንጫፍ እንደ ጺም የተንጠለጠለው የዛፍ ሽበት ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። የጽዱን ቅርፊት በእጃችሁ ዳበስ አድርጉት፤ ቃጫ ቃጫ ሆኖ ውሃ ይዟል። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው እዚህ እንዳስተከሉ ይነገራል። ድምፃችንን ዝቅ ካደረግን ጉሬዛ እናያለን፤ ከቀናንም የምኒልክ ድኩላ።

ወጨጫ ተራራ ጫፍ ግን አንወጣም፤ ዳገቱ በጭቃ ያንሸራትታል። ባለፈው ክረምት አንዲት እህታችን ጅረት ስትሻገር ወድቃ ልብሷ በሙሉ ራሰ፤ የለበሰችው ሲርስ የማያሞቅ ጥጥ ስለነበር እስክንመለስ ድረስ ስትንቀጠቀጥ አንጀቴን በላችው። ስለዚህ አደራ፦ ጥርስ ያለው ጫማ፣ የዝናብ ልብስ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ቅያሪ ካልሲና ሹራብ ያዙ። ሻይ በፔርሙዝ እኔ አመጣለሁ፤ ቆሎና ዳቦ ከእናንተ።

አዲስ የተቀላቀላችሁን፣ እንዳታፍሩ። የምንሄደው ከሁሉም ቀስ በሚለው ሰው እርምጃ ነው፤ ከኋላ የሚቀር የለም። የምትመጡ እስከ ዓርብ ማታ አሳውቁኝ።