ለልጄ፦ በሰው ላይ አትፈርም

የኔ ጌታ፣ እንዴት ሰነበትክ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ጉልበቴን ብርዱ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላ የከፋ ነገር የለም። አባትህም ደህና ነው፤ ግን ካንተ ወሬ በኋላ ዝም ብሏል። ዝም ሲል ምን ማለት እንደሆነ ታውቀዋለህ።

ወደ ነገሬ ልግባ። ማክሰኞ ማታ አክስትህ ደውላ የብልጽግና ፓርቲ አባል መሆንህን ነገረችኝ። ያስደነገጠኝ እሱ አይደለም። መንግሥት መሥሪያ ቤት ገብቶ «አባል ሁን» ያልተባለ ማን አለ? ትልቅ ሰው ነህ፣ የመሰለህን አድርግ። ያስደነገጠኝ ሌላው ነው። «አቋማቸው የሚያጠራጥር» የተባሉ የቢሮህን ሰዎች ስም ዘርዝረህ እንድትፈርም ተጠይቀሃል አሉ። እስከ ሰኞ ድረስም ቀጠሮ ተሰጥቶሃል።

ልጄ፣ በሰው ላይ አትፈርም።

በስልክ ልነግርህ ነበር። በስልክ ግን «እሺ እማ፣ እሺ እማ» ትለኝና ትዘጋዋለህ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልህ፤ አንተም ቁጭ ብለህ አንብበው። ቁርስ ሳትበላ ግን አትጀምረው፤ ጨጓራህን አውቀዋለሁ።

ለአክስትህ «ይሄ ፓርቲ አዲስ ነው፣ የድሮዎቹን አይመስልም» ብለሃታል። በ2012 የተመሠረተ ነው ለማለት ከሆነ እውነትህን ነው፤ ወረቀቱ ላይ እንደዚያ ይላል። ያንተ ክልል ቅርንጫፍ ግን ከዚያ በፊት ሌላ ስም፣ ከዚያም በፊት ሌላ ስም ነበረው። እኔ ታሪክ አስተማሪ ነበርኩ። ይሄን ታሪክ ግን ከመጽሐፍ አይደለም ያወቅኩት። በቤታችን ውስጥ ነው ያለፈው።

አጎትህን በፎቶ ብቻ ነው የምታውቀው። ሳሎን የተሰቀለው፣ አፍሮ ያደረገው ልጅ ነው። ከጎኑ ቆሞ እጁን ትከሻው ላይ ጣል ያደረገው ደግሞ ያ አንተ ጋሼ የምትለው፣ በመጣ ቁጥር ከረሜላ ይሰጥህ የነበረው ሰውዬ ነው። ሁለቱ ደሴ፣ ወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት፣ አንድ ወንበር ላይ ነው የተማሩት። አንዱ ቤት ሲበላ ሌላው አይጠየቅም ነበር፤ እናቴ ሁለቱንም ልጆቼ ነበር የምትላቸው። ኢሕአፓ፣ የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ፣ በነሐሴ 1967 ራሱን በይፋ ሲያስታውቅ ልባቸው ሸፈተ። ቀይ ሽብሩ ሲፋፋም አንድ ሌሊት ሁለቱም ጠፉ። አሲምባ ገቡ ተባለ። አሲምባ ትግራይ ውስጥ፣ አጋሜ ያለ ተራራ ነው፤ የኢሕአፓ ሠራዊት እዚያ ነበር።

እዚያው ደግሞ ሕወሓት አለ። ሁለቱም ደርግን ይወጋሉ፣ ሁለቱም ያንኑ ማርክስ ያነባሉ። ግን በ1970 እርስ በርስ ተዋጉ። ኢሕአፓ ተሸነፈና አሲምባን ለቆ ወደ ኤርትራ ሄደ፣ ከዚያም ወደ ጎንደር ዞረ። ከሽንፈቱ በኋላ በውስጡ ክፍፍል መጣ። ከተለዩት አንዳንዶቹ ትናንት ወደወጋቸው ወደ ሕወሓት ሄዱ። ኅዳር 11 ቀን 1973 ኢሕዴን ብለው አዲስ ድርጅት መሠረቱ፤ የኢትዮጵያ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ ማለት ነው። ስሙን ልብ በል፤ ስለ ክልል አንድም ነገር የለበትም። መሥራቾቹም ከተለያየ ብሔር የመጡ ነበሩ።

ጋሼ ከተለዩት ጋር ሄደ። አጎትህ ኢሕአፓ ውስጥ ቀረ።

ሁለቱም የመሰላቸውን መረጡ፤ በዚህ ማንንም አልወቅስም። ግን በዚያ የመለያየት ወራት በአንድ ስብሰባ ላይ የቀሩትን የሚያወግዝ ወረቀት ቀረበ። ስም በስም ተዘርዝሯል። የአጎትህ ስም ነበረበት። ጋሼም ፈረመ። ይሄን ያወቅነው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ እነግርሃለሁ።

በመሃል ዓለም ተገለባበጠ። ኢሕዴን ዋግና ላስታ ውስጥ ተጠናከረ፤ በኋላም ከሕወሓት ጋር ኢሕአዴግን መሠረተ። በጦርነት የተማረኩ የደርግ ወታደሮችንም ተቀብሎ አስታጠቀ። አባዱላ ገመዳና ኩማ ደመቅሳ ከምርኮ በኋላ የገቡት ኢሕዴን ውስጥ ነው። በ1982 የኦሮሞው ድርጅት ኦሕዴድ ሲመሠረት ወደዚያ ተሻገሩ። ይሄን ያዝልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ግንቦት 1983 ደሴ ተያዘች። ከሦስት ቀን በኋላ ጋሼ በራችንን አንኳኳ። ቁምጣ ለብሷል፣ ኮንጎ ጫማ አድርጓል፣ ጠመንጃውን ደጅ አቁሞ ነው የገባው። እናቴ አንገቱን ይዛ ብዙ አለቀሰች። ከዚያ ከኋላው ወደ በሩ አየች። ሌላ የሚገባ ሰው የለም። «ወንድምህስ?» አለችው። መልስ አልሰጣትም። ውኃ አሙቃ እግሩን አጠበችው። እስክትጨርስ አንገቱን ደፍቶ ነበር። እኔ ፎጣ ይዤ ቆሜአለሁ። ካልሲ ያልነካው እግሩ ላይ የጫማው ማሰሪያ ነጭ መስመር አውጥቶበት ነበር፤ እስከዛሬ ይታየኛል።

አጎትህ አልመጣም። የት እንደወደቀ አናውቅም። እናቴ እስክትሞት ሙት ዓመቱን አላወጣችም፤ ቀኑን አታውቅማ።

አየህ፣ ምክር ልሰጥህ ጀምሬ እዚህ ገባሁ። ግን ሌላ ምክር የለኝም። በሰው ላይ አትፈርም።

ልቀጥል። በ1986 ኢሕዴን ስሙን ቀይሮ ብአዴን ሆነ፤ የአማራ ክልል ድርጅት ሆነ ማለት ነው። የድርጅቱ መሪ ታምራት ላይኔ በሽግግሩ ዘመን ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። በ1989 ከሥልጣን ወርደው ታሰሩ፣ በኋላም 18 ዓመት ተፈረደባቸው፣ በ2001 ተፈቱ። በ1993 ሕወሓት ለሁለት ሲሰነጠቅ ብአዴን ከአቶ መለስ ጎን ቆመ። ያ መሰንጠቅ የትግራይ ሰዎች ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ግምገማው በየድርጅቱ ወርዶ ስንቱን አራገፈው። ጋሼንም ያኔ ነው ያወረዱት። ሦስት ቀን ሙሉ ተገመገመ። በአንድ ጎድጓዳ ሳህን አብረውት የበሉ ጓዶቹ እየተነሱ መሰከሩበት፣ ፈረሙበትም።

ያን ሰሞን ማታ ቤታችን መጣ። አንተ ያኔ ገና አልተወለድክም። እናቴ ታማ ተኝታለች። ለእኔና ለአባትህ ነው የነገረን። ሊለያዩ ሲሉ ጫማው ተበጥሶ ነበር አለ። አጎትህ የራሱን አውልቆ ሰጠው፤ «አንተ ሩቅ ነው የምትሄደው» ብሎ። «እሱ የሰጠኝን ጫማ አድርጌ ሄጄ ነው የፈረምኩበት» አለን። ሌላ ነገር አልጨመረም። አባትህ ተነስቶ ወጣ፣ እኔ ቡናውን ቀዳሁ። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ በየእሑዱ ይመጣ ነበር። እኛም በሩን አልዘጋንበትም። ግን ከፎቶው ፊት ለፊት ተቀምጦ አያውቅም። ጀርባውን ሰጥቶ ነበር የሚቀመጠው። ሕፃን ሆነህ «ጋሼ ለምን እዚያ ጋ አይቀመጥም?» ብለህ የጠየቅከኝ ለዚህ ነበር።

አሁን ያዝልኝ ወዳልኩህ ልመለስ። ሕዝቡ ብአዴንን የሕወሓት ተለጣፊ እያለ ያማው ነበር፤ ይሄ ሐሜት አንድም ቀን አልለቀቀውም። ገጠር ውስጥ ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ ሲሠራ በዓይኔ አይቻለሁ፣ አልክድም። ግን ሕዝቡ ሐምሌ 24 ቀን 2008 ጎንደር ላይ፣ ነሐሴ 1 ደግሞ ባሕር ዳር ላይ ለሰልፍ ሲወጣ፣ የሆዱን ነው ያወጣው። ከዚያ በኋላ ነው ብአዴን ፊቱን ወደ ኦሕዴድ ያዞረው። በ2010 የኦሮሚያ ወጣቶች ሐይቁን የወረረውን አረም፣ እምቦጭን፣ ሊነቅሉ ጣና ድረስ መጡ። ጥቅምት ላይ የኦሮሚያው ፕሬዚዳንት አቶ ለማ መገርሳ ባሕር ዳር ገቡ። የኦሮሞና የአማራ ወዳጅነቱ ኦሮማራ ተባለ። አንተ ያኔ ተማሪ ነበርክ፤ ስልክህ ላይ የለማን ፎቶ አድርገህ ቤቱን በጭፈራ ያናጋኸውን አልረሳሁም። መጋቢት 18 የብአዴኑ አቶ ደመቀ ከኢሕአዴግ ሊቀመንበርነት ውድድር ራሳቸውን አገለሉ፣ የኦሕዴዱ ዶክተር ዐቢይ በ108 ድምፅ ተመረጡ። ከምርኮ ወደ ኢሕዴን፣ ከኢሕዴን ወደ ኦሕዴድ የሄደው መንገድ በሌላ በኩል ዞሮ መጣ።

እኔም ያን ቀን ደስ ብሎኛል። ከልቤ ነው ደስ ያለኝ።

ከዚያ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ፈጠነ። ነሐሴ 2010 ከመሥራቾቹ አንዱ በረከት ስምዖን ከማዕከላዊ ኮሚቴው ታገዱ፤ ጥር 2011 ታሰሩ። መስከረም 2011 ብአዴን አዴፓ ሆነ። ሰኔ 15 ቀን 2011 ባሕር ዳር ላይ የክልሉ ፕሬዚዳንት ዶክተር አምባቸው መኮንን፣ ባልደረቦቻቸው እዘዝ ዋሴና ምግባሩ ከበደ ተገደሉ። ሐምሌ ላይ ሕወሓትና አዴፓ፣ ከ30 ዓመት በላይ ጓድ የተባባሉት፣ በመግለጫ ተሰዳደቡ። ኅዳር 2012 አዴፓ ከስሞ ብልጽግና ውስጥ ገባ፤ ሕወሓት አልገባም አለ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ጦርነት ሆነ። በ2014 ከደሴ ወደ ደብረ ብርሃን ስንሸሽ እኔን ደግፈህ የሄድከው አንተ ነህ፤ ስለሱ አልነግርህም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ደግሞ መንግሥትና ሕወሓት ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነት ተፈራረሙ። በጦርነቱ አንድ ምሽግ የያዙት መከላከያና ፋኖ ዓመት ሳይሞላ ተታኮሱ። አሁንም እዚያው ውስጥ ነን።

ታዲያ አንተ ሰኞ የምትጽፈው ስም ነገ የማን ጠላት፣ የማን ወዳጅ እንደሚሆን በምን ታውቃለህ? ትምክህተኛ የተባለውን አይቻለሁ፣ ጠባብ የተባለውን አይቻለሁ፣ ኪራይ ሰብሳቢ የተባለውን፣ የለውጥ አደናቃፊ የተባለውን አይቻለሁ። ስሙን የሰጡት ሰዎች በተራቸው ሌላ ስም ሲሰጣቸውም አይቻለሁ። አለቆቹ ከላይ ታርቀው አንድ ሶፋ ላይ ይቀመጣሉ። እታች የተፈራረመ ሰው ግን ጎረቤት ነው፤ ለቅሶ ቤት ይገናኛል። ዛሬ ደግሞ ጊዜው ከኔ ዘመን የከፋ ነው። በስም ዝርዝር የገባ ሰው ምን እንደሚገጥመው እኔ ልንገርህ? አንተው ታውቀዋለህ።

ደግሞ ያ የጎንደሩ ልጅስ? ያ አብሮህ ቤት የተከራየው? አክስትህ የሱም ስም ተነስቷል ብላለች። ታመህ ሌሊት በባጃጅ ሆስፒታል ያደረሰህ፣ እስኪነጋ አግዳሚ ላይ የተቀመጠው እሱ አይደለም? ያኔ ስልክህን አንስቶ «እናቴ፣ አይዞዎት፣ ተሽሎታል» ያለኝን ድምፁን አውቀዋለሁ። የሱን ስም ጽፈህ ማታ አብራችሁ ራት ልትበሉ ነው?

አትፈርም አልኩህ። ይሄ ምክር አይደለም፣ ትእዛዝ ነው። ወልጄሃለሁ፣ ላዝህ እችላለሁ።

አሁን በደንብ ስማኝ። ሰኞ ስትጠየቅ አትጣላ፣ ድምፅህን ከፍ አታድርግ። «የሥራ አፈጻጸም ከሆነ በፎርሙ መሠረት ነጥብ እሞላለሁ፣ ስለ ሰው አቋም ግን የማውቀው የለም» በል። ከዚያ ወዲያ አታብራራ። ብዙ ያብራራ ሰው አንድ ቦታ ላይ ይያዛል። ቃለ ጉባኤ ቢያመጡልህ ከላይ እስከ ታች ሳታነብ አትፈርም። ባዶ መስመር ካለው አሰርዘው። አባሪ አለው ከተባለ አባሪውን አምጡ በል። ለፊርማ ብቻ የተገነጠለ ወረቀት ከሰጡህ እጅህን አታሳርፍበት። በስልክ ስም እንድትልክ ቢጠይቁህም አትላክ፤ ቴሌግራምም ያው ፊርማ ነው። ካስጨነቁህ የዓመት ፈቃድ ሙላና ና። ያልወሰድከው ፈቃድ እንዳለህ ነግረኸኛል። ሥራውን ቢያሳጡህም ቤትህ አለ፣ እንጀራ አለ። አባትህ ሱቁ ላይ ሰው ይፈልጋል።

ለዚያ ልጅ ስሙ መነሳቱን አንተ ራስህ ንገረው። ከሌላ ሰው እንዳይሰማ።

ቅዳሜ የሚደርስ ዕቃ ልኬያለሁ። ሹፌሩ አባትህ የሚያውቀው ሰው ነው፤ መናኸሪያ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል፣ ስልኩን አክስትህ ትሰጥሃለች። ሽሮ፣ በሶና ትንሽ ድርቆሽ አለበት። ሽሮው ለሁለታችሁም ነው፣ እኩል አድርጌ በሁለት ላስቲክ ቋጥሬዋለሁ። ሰማያዊው ሹራብ ያንተ ነው፤ ቢጠብህ ለሱ ስጠው። የጨጓራ መድኃኒትህ ካለቀ አትዘግይ፣ ግዛ፤ ገንዘብ ካነሰህ ለኔ ንገረኝ እንጂ ከቢሮ ሰው አትበደር። የበሶውን ጣሳ መልሰህ ላክልኝ፣ የጎረቤት ነው።

ሰኞ ቢሮ ከመግባትህ በፊት ደውልልኝ። ከወጣህ በኋላም ደውል። አባትህ አያናግርህም፣ ግን ስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ አስይዘዋለሁ።

እናትህ