ሞተሩ ሞቆ ከጠበቃችሁ ተጠንቀቁ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ያገለገለ ናፍጣ ፒክአፕ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ የእኔን ጉድ ስሙ። እኔና ወንድሜ ሱሉልታ ጥቂት ፈረሶች አሉን። ለጥምቀት ወደ ጃንሜዳ የምናመጣበት ተጎታች አሠርተን መኪና ፍለጋ ገባን። ደላላው አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ፒክአፕ አሳየን፤ ጌጁ 140,000 ኪሎ ሜትር ይላል፣ የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ግን አልቆ ብረቱ ያብለጨልጫል፤ ከዚያ በላይ እንደሄደ ያሳብቃል! ኮፈኑን ስነካው ትኩስ ነው። ለካ እኛ ሳንደርስ አስነስተው አሙቀውታል። ዋጋው አማለለንና ገዛን።

በማግስቱ ጠዋት በስንት ልመና ተነሳ፣ ሰፈሩን በጭስ ሞላው። መካኒኩ ሞተሩ እየሠራ የዘይቱን ክዳን ከፈተ፤ እንደ ፈላ ጀበና ይተነፍሳል፤ ሞተሩ ውስጡ አልቋል ማለት ነው። ይህን ለማየት እኮ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ብዙ የሄደ ናፍጣ ሁሉ አይረባም አልልም፣ ዘይቱ በጊዜው ከተቀየረለት 400,000 ኪሎ ሜትር አልፎም የሚሠራ አለ። ግን እዚህ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ቱርቦ የሌለው ሞተር አየር ያጥረዋል፣ ፈረስ ጭኖ የአዲሱ ገበያን ዳገት ሲወጣ ደግሞ ጉዱ ይታያል። ቁልቁለቱ ይብሳል፤ ፈረስ ዝም ብሎ የሚቆም ጭነት አይደለም፣ በተነቃነቀ ቁጥር ተጎታቹ መኪናውን ይገፋል። ፍሬንና ፍሪሲዮን ሳታዩ ቀብድ አትክፈሉ።

ለቦሎ ምርመራ ስንሄድ የሚነበበው ኪሎ ሜትር በየዓመቱ ተመዝግቦ ገዢ በቀላሉ ቢያየው ምን ነበረበት?

አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ