ለልጄ፦ የጋይጋክስና የአርነሰን ሙት ዓመት

ልጄ፣ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ሳመችሽ፤ ለጓደኞችሽም ሰላምታ ብላለች።

ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስን፣ ማለት ተጫዋቾች የፈጠራ ሰው ሆነው በአንድ አጫዋች እየተመሩ ዋሻ የሚወርዱበትን ጨዋታ፣ ከፈጠሩት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆነውን የጋሪ ጋይጋክስን ሙት ዓመት በዚያው ጨዋታ ልናስበው ነው፣ የድሮው ሕግ እንዴት ነበር ብለሽ ጽፈሻል። እነግርሻለሁ፤ አስቀድሜ ግን አንድ ቅር ያለኝ ነገር አለ። አንቺ ያለሽው ሴንት ፖል ነው። ሁለተኛው ፈጣሪ ዴቭ አርነሰን ያደገበትም የሞተበትም ከተማ ነው። እዚያ ተቀምጦ የጋይጋክስን ስም ብቻ ማንሳት ደግ አይደለም። ጋይጋክስ ያረፈው እ.ኤ.አ. ማርች 4 ቀን 2008 ነው፤ በእኛ የካቲት 25 ቀን 2000 መሆኑ ነው። ዕድሜው 69 ነበር። አርነሰን ደግሞ በ13ኛው ወር፣ ኤፕሪል 7 ቀን 2009፣ በ61 ዓመቱ በካንሰር ተከተለው። ከፈለጋችሁ በሁለቱ ቀኖች መካከል አንድ ቅዳሜ ምረጡና ለሁለቱም አድርጉት።

ማን ምን እንደሠራ ጓደኞችሽ ይጠይቁሻልና ልክ ልኩን ያዢ። ነገሩ የሚጀምረው በ1969 ከዴቪድ ዌስሊ ነው። እዚያው እናንተ አካባቢ የጦርነት ጨዋታ የሚያጫውት ሰው ነበር። በናፖሊዮን ዘመን ያለች ብራውንስታይን የምትባል የፈጠራ የጀርመን ከተማ አሰናዳና፣ ለተጫዋቾቹ ጦር በመስጠት ፈንታ ሰውነት ሰጣቸው፤ አንዱን ከንቲባ፣ አንዱን ባለባንክ፣ አንዱን የዩኒቨርሲቲ ኃላፊ አደረገ። ዌስሊ ውትድርና ሲሄድ አርነሰን ሐሳቡን ተረከበ፤ በ1971 ብላክሙር የሚባል ግዛት ፈጠረና ሰዎቹን ከቤተ መንግሥቱ ሥር ወዳለው ዋሻ አወረዳቸው። መጀመሪያ የተጠቀመው ቼይንሜይል የሚባለውን፣ ጋይጋክስ ከጄፍ ፔረን ጋር የጻፈውን የጦርነት ሕግ ነው። በዚያ ሕግ አንድ ምት አንድ ሰው ይገድላል። መቶ ወታደር ለሚያሰልፍ ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ አንድ ሰው ብቻ ላለው ግን ጨዋታው ገና ሳይጀመር አለቀ ማለት ነው። አርነሰን ምቱ ከሚቀናነስ ነጥብ ላይ እንዲነሳ አደረገ። ዛሬ በየኮምፒውተር ጨዋታው ላይ የምታይው፣ የቀረውን ነፍስ የሚያሳየው ቀይ መስመር ዘሩ ከዚያ ነው።

በ1972 መጨረሻ አርነሰን ከዴቪድ ሜጋሪ ጋር ዊስኮንሲን ውስጥ ሌክ ጄኔቫ ድረስ ሄዶ ጋይጋክስን አጫወተው። ጋይጋክስ ያን ጊዜ ከኢንሹራንስ ሥራው ወጥቶ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ጫማ ይጠግን ነበር፤ አርነሰን ደግሞ የጥበቃ ሠራተኛ ነበር። ጋይጋክስ ሕጉን ላክልኝ አለው። የመጣለት ሃያ ገጽ ገደማ የእጅ ጽሑፍ ማስታወሻ ነው። ያንን ይዞ ሌሊት ሌሊት በታይፕ እየመታ መጽሐፍ አወጣው። እንግዲህ በእኔ ሚዛን፣ አርነሰን ባይኖር የሚጻፍ አልነበረም፤ ጋይጋክስ ባይኖር የሚነበብ አልነበረም። ኋላ በዚህ ሳቢያ ተጣልተው አርነሰን በ1979 ከሰሰ፣ በ1981 በስምምነት አለቀ። ጋይጋክስም ራሱ በ1985 ጨዋታውን የሚያሳትመው ድርጅቱ ከእጁ ወጣ። የፍርድ ቤቱን ነገር ገበታ ላይ አታንሺው፤ ሌሊቱን ይበላባችኋል።

ሦስተኛ ስም ጨምሪ፤ ዶን ኬይ። የጋይጋክስ የልጅነት ጓደኛ ነው። በሕይወት ኢንሹራንሱ ላይ 1000 ዶላር ተበድሮ ድርጅቱን አብሮት ያቋቋመው እሱ ነው። በጃንዋሪ 1974 ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በ1000 ሣጥን ታትሞ፣ በእጅ ተገጣጥሞ፣ አንዱ በ10 ዶላር ለገበያ ወጣ። ኬይ በዓመቱ፣ ጃንዋሪ 31 ቀን 1975፣ በልብ ሕመም ሞተ። ዕድሜው 36 ነበር። የልፋቱን ፍሬ ሳያይ ሄደ።

አሁን ወደ ጨዋታው። ሦስቱ ቀጫጭን መጻሕፍት በፒዲኤፍ ይሸጣሉ፤ ነገር ግን አጻጻፋቸው የተዘበራረቀ ነው፣ የምትፈልጊው ነገር ከምትጠብቂው ቦታ አይገኝም። ስዎርድስ ኤንድ ዊዛርድሪ የሚባለው መጽሐፍ ያንኑ ሕግ አስተካክሎ አስቀምጦታልና ገበታው ላይ እሱ ይሁን፣ ዋናውን ለማሳየት ያዢው። ዋናው መጽሐፍ ከ4 እስከ 50 ተጫዋች ይላል። 50 ሰው የምታስቀምጪበት ቤት እንደሌለሽ አውቃለሁ፤ 6 ይበቃሻል።

ሰው መፍጠር 10 ደቂቃ አይፈጅም። ባለስድስት ጎን ዳይስ ሦስቱን ጥለሽ መደመር ነው፤ በቅደም ተከተል ጉልበት፣ ብልህነት፣ ጥበብ፣ ጽናት፣ ቅልጥፍና፣ ግርማ። የወጣው ወጣ፣ መለዋወጥ የለም። ያለው ምርጫ ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን ነው፤ ሌባው የመጣው በ1975 ግሬይሆክ በተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ነው። ተዋጊው አንድ ዳይስ ጥሎ 1 ይጨምርበታል፣ ሌሎቹ አንድ ዳይስ ብቻ፤ ያ ነው ነፍሳቸው። ዜሮ ሲደርስ ሞት ነው። መሣሪያ ሁሉ፣ ጩቤም ሆነ መጥረቢያ፣ የሚጎዳው አንድ ዳይስ ነው። አንድ ነፍስ ያለው አስማተኛ የደረሰው ልጅ ያኮርፋል። አትዘኚለት፤ ዋሻ ውስጥ አንድ ጊዜ የሚያስተኛውን አስማት ሲጥል ከሁሉ የሚፈለገው እሱ ነው። ቢሞትም በአምስት ደቂቃ ሌላ ሰው ይፈጥራልና ባዶ ወረቀት አዘጋጂለት።

ለመምታት ባለሃያ ጎን ዳይስ ይጣላል። እዚህ ላይ የዛሬ ልጆች ሁሉ ይሳሳታሉ፤ የጥሩር ቁጥር ሲያንስ ነው የሚሻለው። ራቁቱን ያለ 9 ነው፣ ቆዳ 7፣ የሰንሰለት ጥሩር 5፣ ሙሉ የብረት ልብስ 3፤ ጋሻ የያዘ ከዚያ ላይ 1 ይቀንሳል። ሰንጠረዥ አትፈልጊ፤ ለአዲስ ተዋጊ ከ19 ላይ የጠላቱን ቁጥር መቀነስ ነው። ጎብሊን የሚባለው ትንሽ ጭራቅ 6 ነው፣ ስለዚህ 13 እና ከዚያ በላይ ከወጣ ተመታ።

ዳይስን ካነሳሁ፣ የመጀመሪያዎቹ ባለሃያ ጎኖች ከትምህርት መሣሪያ ሻጭ የመጡ ነበሩ፤ 20 የሚባል ቁጥር አልነበራቸውም። ከ0 እስከ 9 ሁለት ጊዜ ተጽፎባቸው፣ ተጫዋቹ ግማሹን ጎን በከለር ሰም ቀብቶ «ይህ ቀለም ከሆነ 10 ጨምር» እያለ ይጫወት ነበር። ፕላስቲኩም ለስላሳ ስለነበር ጠርዙ እያለቀ እንደ እብነ በረድ ብይ ይንከባለል ነበር። የእናንተን ለመፈተሽ ብርጭቆ ውኃ ላይ ጨው እየጨመርሽ አማስዪ፣ ዳይሱ እስኪንሳፈፍ ድረስ። በጣትሽ እየነካሽ አሥር ጊዜ አገላብጪው። ሁልጊዜ ያው ቁጥር ወደ ላይ ከመጣ፣ ከዚያ ቁጥር በኩል ውስጡ አየር ይዟል፤ ጣይው።

አሁን የምነግርሽ ከሁሉ የሚዘነጋው ነው፤ ሸክም። ጋይጋክስ ግሬይሆክ የተባለውን ዋሻውን ሲሠራ መጀመሪያ ያወረደው የገዛ ልጆቹን፣ ኤርኒንና ኤሊስን ነው። ልጆቹ ከታገሉ በኋላ ያገኙት የመዳብ ሣንቲም የሞላ ሣጥን ነው፣ ሊሸከሙት ግን አልቻሉም። ለምን እንደሆነ በሕጉ አስሊው። ክብደት የሚቆጠረው በሣንቲም ነው። የሰንሰለት ጥሩር 500፣ ጋሻ 150፣ የራስ ቁር 50፣ ሰይፍ 50፤ ድምሩ 750 ነው፣ ያም ሰው ሳይከብደው የሚይዘው የመጨረሻው ልክ ነው። ገመድ፣ ችቦና ችካል 80 ሲጨመር ፍጥነቱ ከ12 ወደ 9 ይወርዳል። ከ1000 ሲያልፍ 6 ይሆናል። ከ3000 በላይ ማንም ንቅንቅ አይልም። ሦስት ሺህ መዳብ ያለበት ሣጥን አስቀምጪላቸውና እያቸው፤ 50 መዳብ አንድ ወርቅ ስለሆነ ሁሉም ተደምሮ 60 ወርቅ ነው። ለ60 ወርቅ ጋሻውን የሚጥል ሰው ይኖራል፣ ተመልሼ እመጣለሁ የሚል ይኖራል፣ ቅጥረኛ ይዘን እንምጣ የሚልም አይጠፋም። እዚያ ላይ ነው ጨዋታው የሚጦዘው። ሸክም የማይቆጠርበት ቤት ይህ ሣጥን ዝም ብሎ ቁጥር ነው።

እያንዳንዱ ሲጀምር ሦስት ዳይስ ጥሎ በ10 ያባዛል፤ ያ ወርቁ ነው፣ መካከለኛው 105 ይሆናል። የሰንሰለት ጥሩር 30፣ ጋሻ 10፣ የራስ ቁር 10፣ ሰይፍ 10፣ ስድስት ችቦ 1፣ 50 ጫማ ገመድ 1፣ ባለ10 ጫማ እንጨት 1 ወርቅ። እንጨቱን እንዳይንቁት ንገሪያቸው፤ ወለሉን ሳይረግጡ የሚነኩበት ነው።

ጊዜ በዙር ይቆጠራል፣ አንዱ ዙር 10 ደቂቃ ነው። ወረቀት ጥግ ላይ ጭረት እየሠራሽ ቁጠሪ። ኤሪክ ሆልምስ ለጀማሪዎች ባሰናዳው የ1977 እትም ችቦ 6 ዙር ይነድዳል፣ አንድ ጠርሙስ ዘይት 24 ዙር። በየሰዓቱ አንዱን ዙር ማረፍ ግድ ነው። በየዙሩ መጨረሻ አንድ ዳይስ ጣይ፤ 6 ከወጣ የሚዞር ጭራቅ መጣ። አዲስ አጫዋች ሁልጊዜ የሚረሳው ይህችን ዳይስ ነው። ስትረሳ ደግሞ ተጫዋቾቹ የልብ ልብ ተሰምቷቸው እያንዳንዱን ድንጋይ ሲያንኳኩ ያመሻሉ፣ አንቺም «ምነው ጨዋታው ተኛ» ትያለሽ።

ጭራቁ ሲመጣ ወዲያው አታዋጊ። ሁለት ዳይስ ጣይ፤ ከ2 እስከ 5 ጠላት ነው፣ ከ6 እስከ 8 ያመነታል፣ ከ9 እስከ 12 ይቀበላቸዋል። ብዙው ጊዜ መነጋገር ወይም መሸሽ ይቻላል ማለት ነው። የዛሬ ተጫዋች ያየውን ሁሉ መግጠም ስለለመደ ቶሎ ያልቃል። አንድ ወርቅ አንድ የልምድ ነጥብ እንደሚሰጥ፣ ተዋጊ ለሁለተኛ ደረጃ 2000 እንደሚያስፈልገው ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ዓይናቸው ከሰይፉ ወደ ከረጢቱ ይዞራል። በመጀመሪያው መጽሐፍ ጭራቅ በየደረጃው 100 ነጥብ ያወጣ ነበር። ያ አይረባም፣ ሰው ለነጥብ ብሎ መግደል ያመጣል። ግሬይሆክ ለአንደኛ ደረጃ ጭራቅ ወደ 10 ያወረደውን ያዢ።

ካርታውን በባለካሬ ወረቀት ሥሪ፣ አንዱ ካሬ 10 ጫማ። መጽሐፉ ስድስት ፎቅ ያዘጋጁ ይላል፤ ለአንድ ሌሊት ሁለት ይበቃል። በየክፍሉ ዳይስ ጣይ፣ 1 ወይም 2 ከወጣ ጭራቅ አለ። ባዶ ክፍል ይበዛብኛል ብለሽ አትሙዪው፤ ባዶው ክፍል ነው የሚያስፈራቸው። ሁለት መውረጃ ደረጃና ቢያንስ አንድ ዞሮ የሚገጥም ኮሪደር አድርጊበት። ይህን ብልሃት ያስተማረችን በጃንዋሪ 2024 ያረፈችው ጄኔል ጃኳይስ ናት፤ የሷን ዋሻዎች ብታይ አንድ መንገድ ብቻ ያለው ካርታ መሥራት ታፍሪያለሽ። ከተጫዋቾቹ አንዱ ካርታውን እየሰማ ይሣል፣ ሌላው ለሁሉም ይናገር። ስድስቱም ባንድ ጊዜ ካወሩብሽ የት እንደቆሙ ትስቻለሽ።

ሰው ለመጥራት ከተቸገርሽ፣ «ለሙት ዓመት ጨዋታ ምን ይባላል» የሚል ካለ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ካርታ እየተጫወቱ የሚያድሩትን ሰዎች አስታውሺው። ሌክ ጄኔቫም እንዲሁ ነው የሆነው፤ ከጋይጋክስ ሽኝት በኋላ ወዳጆቹ ተሰብስበው ዳይስ ይዘው ተቀመጡ። ጋሪ ኮን የሚባለው የየዓመቱ ጉባኤ ከዚያ ነው የመጣው።

ሌላው ይቆየን። ጨዋታው ላይ የሰጠሽውን ውሳኔ ሁሉ እዚያው በደብተር ጻፊው፣ ቀኑንም ጨምሪበት፤ የሞተውን ገጸ ባሕርይ ስምና የት ክፍል እንደሞተም። ሲያልቅ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ሣጥኑን ማን እንደተሸከመው ማወቅ እፈልጋለሁ።

አባትሽ