ስም ይጠፋብኛል፣ ፊደል ግን አይጠፋብኝም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት «አእምሮ ከ25 ዓመት በኋላ ቁልቁል ነው» የሚል ጽሑፍ አውጥታችኋል። እኔ የ67 ዓመት ሰው ነኝ፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት በማተሚያ ቤት አራሚነት ነውና ጽሑፉን ያነበብኩት እርሳስ ይዤ ነው።

ከፊሉ እውነት ነው፣ አልክድም። ትናንት ከጎረቤቴ ልጅ ጋር ደጃፍ ቆመን ስናወራ ስሙ ድንገት ጠፋብኝ። በክርስትናው ዕለት ጠላ ስቀዳ የዋልኩለት ልጅ! «አንተ ልጅ» እያልኩ አመለጥኩ፤ ስሙ የመጣልኝ ማታ እግሬን ስታጠብ ነው። (የቤቱ መንገድ የሚጠፋበት ሰው ነገር ሌላ ነው፤ እሱ ሕመም ነው፣ ሐኪም ዘንድ ይወሰድ።)

ነገር ግን የአእምሮ ሁሉም ነገር በአንድ ቀን አያረጅም። የሥነ ልቦና ሊቁ ሬይመንድ ካቴል አዲስ ነገር ሲገጥም ቶሎ አስቦ የመፍታትን ችሎታ፣ በትምህርትና በኑሮ ከሚጠራቀመው ዕውቀት ለይቶታል። የመጀመሪያው በወጣትነት ይበረታና ይቀንሳል፤ ሁለተኛው ሲጨምር ይኖራል። በ2015 እ.ኤ.አ. ሃርትሾርንና ጀርሚን ባሳተሙት ጥናት የፍጥነት ጫፉ 18 እና 19 ዓመት ላይ ሲሆን፣ የቃላት ዕውቀት ግን እስከ ስድሳዎቹ መጨረሻ ሲያድግ ተገኝቷል።

ይህን እኔ ከወንበሬ ላይ አይቼዋለሁ። አጠገቤ የሚሠራ ፈጣን ወጣት ነበር፤ አንድ ገጽ ሳነብ እሱ ሁለት ይጨርሳል። አንድ ቀን «ድኅነትን መቀነስ» የሚል ርዕስ በእጁ አልፎ እኔ ዘንድ ደረሰ። በብዙኃኑ ኀ ሲጻፍ መዳን ነው፤ ሰዎቹ ሊቀንሱ የፈለጉት በሃሌታው ሀ የሚጻፈውን ነበር። ኮምፒውተሩም ዝም ብሏል፤ ሁለቱም ያሉ ቃላት ናቸዋ። እኔም አስቤ አላገኘሁትም፤ ዓይኔን ወጋኝ እንጂ።

60 ሲሞላኝ ጋቢ አልብሰው ሸኙኝ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ስልክ ተደወለ። «ጋሼ፣ ሠረቀ በየትኛው ሰ ነው?» «የቱ ሠረቀ?» አልኩት። «ፀሐይ ከሆነች በንጉሡ ሠ፣ ሌባ ከሆነ በእሳቱ ሰ።» እንዲህ እያልን ዓመት ከረምን፤ የስልኩን ሒሳብ እንኳ የጠየቀኝ የለም።

ፈጠራም ቢሆን አንድ ሰዓት የለውም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ገና በአሥራዎቹ ዕድሜው ተውኔት ጽፏል። ሐዲስ ዓለማየሁ ደግሞ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ሃምሳን ካለፉ በኋላ ነው፤ በልጅነታቸው የጎጃም የአብነት ትምህርት ቤቶች ያዩትን በዚያ ሁሉ ዓመት ሲያብላሉት ቆይተው። «ከ35 ዓመት በታች» የሚለው የልብ ወለድ ውድድራችሁ እሳቸውን ከበር ይመልሳቸው ነበር።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን የዛሬን ሽማግሌ ከዛሬ ወጣት ጋር በአንድ ፈተና ማወዳደራችሁ ነው። ዋርነር ሻይ የተባለው ተመራማሪ ከ1956 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሲያትል ያንኑ ሰው በየ7 ዓመቱ እየፈተነ ሲከታተል፣ ብዙዎቹ ችሎታዎች በግልጽ የሚቀንሱት ከስድሳ ዓመት በኋላ መሆኑን አየ። እኛ አገር ይህ ይብሳል። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ የልጅ ልጇ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳለች። ሁለቱን ወረቀት ላይ አስቀምጦ ልዩነቱን «እርጅና» ማለት ምን ይሉታል? እናቴ የዕቁቡን ሒሳብ ከነቀኑ በቃሏ ነበር የምትይዘው፤ ያንን የጠየቃት ፈታኝ የለም።

በመጨረሻ፣ በዚሁ ጽሑፍ ሦስተኛው አምድ ላይ «ምሑር» ብላችኋል። በሐመሩ ሐ ምሕረት የተደረገለት ማለት ነው፤ ለተማረው በሃሌታው ሀ ይታረም።

ጡረተኛው አራሚ
ከጉለሌ፣ አዲስ አበባ